አማካዩ የማያሳየው ሕዋስ፦ የጥቂት ሞለኪውሎች የዕጣ ስሌት

እ.ኤ.አ. በ1944 አየርላንዳዊው የባክቴሪያ ሊቅ ጆሴፍ ቢገር ስለ ፔኒሲሊን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋለ። መድኃኒቱ በስታፊሎኮከስ ባክቴሪያዎች ላይ ሲጨመር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል፤ እጅግ ጥቂቶቹ ግን ይተርፋሉ። መድኃኒቱን የተላመዱ ናቸው እንዳይባል፣ ከተረፉት የተባዙት ባክቴሪያዎች እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ በፔኒሲሊን ይሞታሉ፤ ከእነርሱም መካከል ዳግመኛ ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። በዘር አንድ የሆኑ፣ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ አግኝተው ያደጉ ሕዋሳት ዕጣቸው ስለምን ተለያየ?

ለመልሱ አንዱ መነሻ የሞለኪውሎች ቁጥር ነው። በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ የሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ቁጥር ሥፍር የሌላቸውን ሞለኪውሎች ያሳትፋል። እያንዳንዱ ሞለኪውል በሙቀት እየተገፋ ያለ ሥርዓት ቢቅበዘበዝም የአንዱ መዘግየት በሌላው መፍጠን ይካካሳል፤ ስለዚህ የመጠን ለውጡን በዲፈረንሻል እኩልታ ጽፎ ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የኢ. ኮላይ ሕዋስ ግን ይዘቱ አንድ ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንድ ዘረመል በውስጡ የሚኖረው በአንድ ወይም በጥቂት ቅጂዎች ብቻ ነው፤ የወተትን ስኳር ለመጠቀም የሚያስችሉትን ዘረመሎች ቆልፎ የሚይዘው ፕሮቲን ደግሞ በአንድ ሕዋስ ውስጥ 10 ያህል ብቻ ይገኛል። ቁጥሩ እንዲህ ሲያንስ የአንድ ሞለኪውል መኖርና አለመኖር በቀላሉ የሚካካስ ልዩነት አይሆንም።

ለምሳሌ አንድ ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ በደቂቃ በአማካይ 2 ጊዜ ይመረታል፣ እያንዳንዱ ሞለኪውልም በደቂቃ 0.5 በሆነ ፍጥነት ይፈርሳል እንበል። የተለመደው እኩልታ መልሱ አጭር ነው፤ ቁጥሩ 4 ላይ ይረጋል። መልሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የሚናገረው ስለ አማካዩ ብቻ ነው፤ በቢገር ብልቃጥ ውስጥ የተረፉት ደግሞ አማካዮቹ አልነበሩም።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዳንኤል ጊልስፒ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ባሳተማቸው ጽሑፎች ሌላ መንገድ አቀረበ። የእርሱ ስሌት በየእርምጃው ሁለት ዕጣ ይጥላል፤ አንደኛው ቀጣዩ ክስተት መቼ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው የትኛው ክስተት እንደሚሆን ይወስናል። ዕጣው ሚዛን አለው። በሕዋሱ ውስጥ 6 ሞለኪውሎች ካሉ የምርቱ ፍጥነት 2፣ የመፍረሱ 3፣ ድምሩ በደቂቃ 5 ይሆናል፤ ቀጣዩ ክስተት በአማካይ ከ12 ሰከንድ በኋላ ይጠበቃል፣ ምርት የመሆን ዕድሉም 40 በመቶ ነው። አንድም ሞለኪውል ከሌለ የሚፈርስ ስለማይኖር የሚቀረው ምርት ብቻ ነው፤ ጥበቃውም በአማካይ ወደ 30 ሰከንድ ይረዝማል። ዕጣው እንደ ወጣ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ ሰዓቱ ይገፋል፣ ፍጥነቶቹ እንደገና ይሰላሉ። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ቀላልነቱ ሊያታልል አይገባም፤ ሞለኪውሎቹ በሕዋሱ ውስጥ በሚገባ የተደባለቁ እስከሆኑ ድረስ ዘዴው ከዕድል ሕግ አንዳች አያጎድልም።

ኮምፒውተሩ ይህን ሺህ ጊዜ ሲደጋግመው ሺህ የተለያዩ የሕዋስ ታሪኮች ይወጣሉ። በዚህ ምሳሌ የቁጥሮቹ ስርጭት የፖይሰንን ቀመር ይከተላል፤ አማካዩ 4 ሲሆን መዋዠቁ የአማካዩ 50 በመቶ ይደርሳል፣ አማካዩ 10,000 ቢሆን ግን 1 በመቶ ብቻ በሆነ ነበር። ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌለበት ሕዋስ የመገኘት ዕድል 1.8 በመቶ ገደማ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሕዋሳት 18,000 ያህሉ በአንድ ቅጽበት ባዶ ናቸው ማለት ነው፤ ስለ እነዚህ ባዶ ሕዋሳት የመጀመሪያው እኩልታ አንድም ቃል አልተናገረም።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ማይክል ኤሎዊትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተዋል። በአንድ ኢ. ኮላይ ውስጥ በአንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ የሚታዘዙ ሁለት ዘረመሎች አኖሩ፤ የአንዱ ፕሮቲን ሰማያዊ አረንጓዴ፣ የሌላው ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ልዩነቱ ከሕዋሱ አጠቃላይ ሁኔታ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ሁለቱ ቀለሞች እኩል በደመቁ፣ እኩል በደበዘዙ ነበር። አንዱ ሕዋስ ወደ አንደኛው፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ቀለም አደላ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ናታሊ ባላባንና ባልደረቦቿ የባክቴሪያዎችን እድገት በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ተከታተሉ። ከመድኃኒቱ የተረፉት መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊትም እድገታቸውን የገቱ፣ ያንቀላፉ ሕዋሳት ሆነው ተገኙ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የባላባን ቡድን ጥናት ለዚህ አንዱን ምክንያት አመለከተ። ሂፕኤ የተባለ ፕሮቲን እድገትን ይገታል፤ ሂፕቢ የተባለው ደግሞ እርሱን ይዞ ያከሽፈዋል። ያልተያዘው ሂፕኤ በመዋዠቅ ምክንያት አንድ ወሰን ሲያልፍ ሕዋሱ ያንቀላፋል። ፔኒሲሊን በማደግ ላይ ያለን ሕዋስ ግድግዳ ስለሚያፈርስ ያንቀላፋው ይተርፋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ወራት የሚፈጅበት አንዱ ምክንያትም እነዚህን የመሰሉ ሕዋሳት እንደሆኑ ይታመናል።

ቢገር በዘመኑ የጠቆመው መፍትሔ ፔኒሲሊንን በየመሐሉ እያቋረጡ መስጠት ነበር፤ በፋታው ያንቀላፉት ይነቃሉ፣ ቀጥሎ የሚሰጠው መድኃኒት ይገድላቸዋል። ፋታው ምን ያህል ይሁን የሚለው ግን እንደገና የዕጣ ጥያቄ ነው። ካጠረ ብዙዎቹ ገና እንዳንቀላፉ ይቆያሉ፤ ከረዘመ ቀድመው የነቁት ይባዛሉ። ስለዚህ የመንቂያው ጊዜ አማካይ ብቻ አይበቃም፤ ዘግይቶ የሚነቃው ጥቂት ሕዋስ በስርጭቱ ጫፍ የት ላይ እንዳለ ማስላት ያስፈልጋል።