የዕፅዋት ማዕከልና ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን በገደብ ደጋ

ዘመነ ጽጌ በገባ ቁጥር፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ስለ አበባ ብዙ እንሰማለን፤ ብዙም እናስተምራለን። አበባውን ስለ ተሸከመው ዛፍ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ የዕፅዋት ማዕከል ምን እንደ ሆነ፣ ለጌዴኦ ዞን ደጋማ ክፍል፣ በተለይም ለገደብ፣ ምን እንደሚያስተምር እንመለከታለን።

የዕፅዋት ማዕከል የመናፈሻ ቦታ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ተክል ከየት እንደ መጣና መቼ እንደ ተተከለ በመዝገብ ይጻፍበታል፤ የአካባቢውና ሳይንሳዊው ስሙ ይለጠፍበታል፤ ዘሩ ተለቅሞ ችግኝ ይፈላበታል፤ ሕዝብም ገብቶ ይማርበታል። በሀገራችን ይበልጥ የሚታወቀው በ2010 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተመሠረተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ሲሆን፣ በእንጦጦ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አብዛኛውን ቦታ ባሕር ዛፍ ይዞት ስለ ነበር፣ ሥራው ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በሀገር በቀል ዛፎች መተካት ነው።

ከፍታውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በተራራማ ሀገር አንድ ማዕከል ለሁሉም አይበቃም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የዕፅዋት ማዕከል አለው፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብርድ የለመደው የደጋ ኮሶ ወደ ዲላ ሙቀት ቢወርድ እንደ ቤቱ አይኖርም። የደጋው ዛፍ በደጋው መጠበቅ አለበት።

ይህን የጌዴኦ ገበሬ ቀድሞ ያውቀዋል። ከላይ ረጃጅም ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእርሱም ሥር ቡና እያደረገ በገደል አፋፍ ላይ ያለማው ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰት ደግሞ በዘር ጎተራ የሚቀመጥ አይደለም፤ ገበሬው ከአምቾው ቡቃያ እያወጣ ነው የሚያባዛው። አንድ የእንሰት ዓይነት መተከሉ ከቀረ ይጠፋል።

ወደ ዐጸዳችን እንመለስ። ባገለገልንበት በአንድ አጥቢያ ሁለት አሮጌ ኮሶዎች ነበሩ። አዲሱ ሕንፃ ሲጀመር አንደኛው ተቆረጠ፤ «ለጥላ አንዱ ይበቃል» ተባለ። እኛም በቦታው ነበርን፤ ድንጋይና ሲሚንቶ እንቆጥር ነበር እንጂ አልተቃወምንም። ከዓመታት በኋላ በቀረው ዛፍ ሥር አንድም ችግኝ አለመብቀሉ ሲያስገርመን፣ የግብርና ባለሙያ የሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድማችን ምክንያቱን ነገረን። የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚያብበው። ሴቴው የወንዴው የአበባ ብናኝ ካልደረሰው የሚበቅል ዘር አይሰጥም። ዝግባና ጥድም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ብቻውን የቀረ ዛፍ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዘር ሳይተካ የሚያረጅ ነው። ይህን በቅስና ትምህርትም በዲፕሎማም አልተማርነውም ነበር።

አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ መሾሙን (ዘፍ. 2፥15) የምንሰብክ አገልጋዮች፣ ከሁሉ በፊት በዐጸዳችን ያለውን እንወቅ። ሰበካ ጉባኤው ለሕንፃ መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከአረጋውያን ጋር እየዞሩ የእያንዳንዱን ዛፍ ስም በጌዴኡፋና በአማርኛ ቢጽፉ፣ ኮሶው ሲያብብም ወንዴ ይሁን ሴቴ ቢለዩ ወጪው ከአንድ ደብተር አይበልጥም። ሴቴው አበባ ቀላ ያለና ወፈር ያለ ነው፤ አባቶቻችን ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚለቅሙት እርሱን ስለ ነበር አረጋውያኑ አይስቱትም።

በዚያች አጥቢያ የቀረው ኮሶ ሴቴ ነው። የወንዴ ኮሶ በየትኛው ደብር ወይም ጓሮ እንዳለ እየጠየቅን ነን፤ ችግኝ የሚተከልበትን ቦታም ካህናቱ ከሕንፃው በስተ ጀርባ ለይተው አጥረውታል።