ፕሮጀክተር በደጋ ከተማ፤ የአመራረጡ፣ የአተካከሉና የአያያዙ ዳሰሳ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከዘነበወርቅ እስከ አጣና ተራ በተዘረጋው ሰፊ ሰፈር፣ ቀድሞ የሲኒማ ቤትና የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ንብረት ብቻ የነበረው የብርሃን መሣሪያ፣ ዛሬ በጸሎት ቤት የመዝሙሩን ቃል ለምእመናን ሲገልጥ፣ በሠርግ አዳራሽ የሙሽሮቹን የልጅነት ፎቶግራፍ ሲያሳይ፣ በኮሌጅ የመምህሩን ጽሑፍ ሲያጎላ፣ በኳስ ማሳያ ቤት የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለወጣቱ ሲያቀርብ፣ በመኖሪያ ቤትም በሳሎን ግድግዳ ላይ ፊልም ሲዘረጋ ይገኛል። መሣሪያው እንዲህ ከተስፋፋ በኋላ ስለ ብርሃኑ ብርታት የሚጠይቅ ገዢ ብዙ ሲሆን፣ መሣሪያው ስለሚስበው አየርና ስለሚመጣለት ኤሌክትሪክ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ በአገራችን ደጋ ላይ የፕሮጀክተርን ዕድሜ አብዝተው የሚያሳጥሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና።

ብርሃንን በመስተዋት አሳልፎ ሥዕልን በግድግዳ ላይ የመጣል ጥበብ አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ እ.ኤ.አ. በ1659 የሥዕል ፋኖስን ከሠራ፣ የሉሚዬር ወንድማማቾችም እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ፣ ጥበቡ ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ ብዙ አልዘገየም፤ ሕዝቡም በአንክሮና በፍርሃት ተመልክቶት፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን የሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ ይታወሳል። ከዚያም በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ፣ በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ የአገር ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ለዕይታ በቃ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ማስተማር ሲጀመር፣ ከመምህሩ ጎን የሚበራ ምስል ለተማሪው ሁሉ የዘወትር ነገር ሆነ።

በገበያው የሚገኙት ዲጂታል ፕሮጀክተሮች በአሠራራቸው በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ማቅረብ የጀመረው ኤልሲዲ ሲሆን፣ ብርሃኑን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፍሎ መልሶ ስለሚያዋሕድ ቀለሙ ያማረ ነው፤ ሁለተኛው ዲኤልፒ፣ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የላሪ ሆርንቤክ የፈጠራ ውጤት ሆኖ፣ እጅግ ረቂቃን በሆኑ ብዙ መስተዋቶች የሚሠራ ነው። ለተራ ተጠቃሚ ከዚህ ልዩነት ይልቅ የብርሃኑ ምንጭ ይበልጥ ያሳስበዋል፤ በአምፖል የሚሠራው እንደ አያያዙ ከ3,000 እስከ 6,000 ሰዓት ሲያገለግል፣ በሌዘር የሚሠራው እስከ 20,000 ሰዓት ይዘልቃል። በቀን አራት ሰዓት ለሚያበራ አዳራሽ የ4,000 ሰዓት አምፖል ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላለትም፤ ሌዘሩ ግን ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ሊያገለግለው ይችላል። ስለዚህ ዘወትር ለሚያበራ ማኅበር፣ ዋጋው ቢከብድም፣ ሌዘሩ ይሻላል እላለሁ። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛም ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሜኑውን አስከፍቶ አምፖሉ የሠራበትን ሰዓት በዓይኑ ይመልከት።

ስለ ብርሃን መጠን ሲነገር ገዢው እጅግ ይጠንቀቅ። በርካሽ የሚሸጡ ትንንሽ የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች በካርቶናቸው ላይ ብዙ ሺህ ሉመን ተጽፎባቸው ሳለ፣ በትክክለኛው የአንሲ ሉመን መለኪያ ሲመዘኑ ከጥቂት መቶ የማያልፉ ብዙዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በእኔ ፍርድ ግልጥ ማታለል ነው። መብራቱ ሳይጠፋ ስብሰባ ለሚደረግበት ቢሮ ከ3,000 አንሲ ሉመን ማነስ የለበትም፤ በጨለማ ፊልም ለሚታይበት ሳሎን ግን ከዚያ ያነሰውም ይበቃል። የምስሉ ወርድ ሁለት እጥፍ በሆነ ጊዜ ስፋቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ያው ብርሃን ተበትኖ እንደሚደበዝዝም አይዘንጋ።

የመሣሪያው ቦታ የሚወሰነው በሌንሱ የርቀት ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር 1.5 ቢሆን፣ ሁለት ሜትር ወርድ ያለው ምስል ለማግኘት መሣሪያው ከግድግዳው ሦስት ሜትር መራቅ አለበት፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህን ሳይለኩ ገዝቶ መግባት ለጸጸት ይዳርጋል። በጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም፣ ከኮርኒስ ላይ ተገልብጦ ቢሰቀልም፣ ሌንሱ ፊቱን ለግድግዳው ቀጥ አድርጎ መቆም ይገባዋል፤ የተጣመመውን ምስል ኪስቶን በሚባለው ማስተካከያ ማቃናት የሚቻል ቢሆንም፣ ማስተካከያው ከምስሉ ነጥቦች ከፊሉን ቆርጦ ስለሚጥል የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም። ይህ ጉዳት ከሌላው ይልቅ ለእኛ ፊደል ይከፋል። «ቁ» እና «ቂ»፣ «ሙ» እና «ሚ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ከወገብ ወይም ከእግር ላይ መቀመጥ ብቻ ስለሆነ፣ ጥራቱ 800 በ600 ነጥብ በሆነ መሣሪያ፣ ያውም በኪስቶን ተጣሞ በተቃና ምስል ላይ፣ ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠው ምእመን ቃሉን በግምት ያነበዋል። ለአማርኛ ጽሑፍ ቢያንስ የ1280 በ800 ጥራት ይመረጥ፤ በአንድ ገጽም ከአምስት ወይም ከስድስት መስመር በላይ አይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኮልፌ ቀራንዮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ፕሮጀክተር የአምፖሉን ሙቀት የሚያወጣው ፋን በሚባለው ማራገቢያ አየር እየሳበ ነው፤ አየሩ ስስ በሆነ መጠን የሚሸከመው ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ የመሣሪያው ሆድ ይበልጥ ይግላል፤ ተራራ የሚወጣ ሰው ትንፋሹን እንደሚያፋጥን ማራገቢያውም መፍጠን አለበት። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ይህን አስቀድመው በማሰብ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ መሣሪያ «ሃይ አልቲቲውድ» የሚል ትእዛዝ በሜኑው ውስጥ አኑረዋል። ትእዛዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ የሚመጣ በመሆኑ፣ የሚከፍተው ከሌለ እንደጠፋ ይኖራል፤ መሣሪያው በድንገት ሲጠፋ፣ የሙቀት መብራቱ ቀይ ሲሆን፣ አምፖሉም ያለ ጊዜው ሲፈነዳ፣ «ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው» ተብሎ ሻጩ ይወቀሳል። ትእዛዙ ሲከፈት የማራገቢያው ድምፅ ከፍ ይላል፤ ይህ ሕመም አይደለም፣ ጤንነት ነው።

ከአየሩ ቀጥሎ አቧራና ጭስ ይመጣሉ። በበጋ ወራት ከመንገድ የሚነሣው አቧራ በመሣሪያው ጎን ባለችው የአየር ማጣሪያ ላይ ይሰፍራል፤ ትንሿን ክዳን ከፍቶ ላወጣት ሰው፣ ነጭ የነበረችው ስፖንጅ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ ወፍራ ይመለከታታል። በየወሩ በደረቅ ብሩሽ ትጠረግ። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ሳሎንም መሣሪያው ከረከቦቱ ይራቅ፤ ጭሱ በሌንሱ ላይ ቅባት ያሳድርበታልና።

የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ አምፖሉ እንደጋለ ማራገቢያው ስለሚቆም፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይታፈናል፤ ሲመለስም ኃይሉ ከ220 ቮልት ከፍና ዝቅ እያለ ይገባል። ብዙዎች ለዚህ ስታብላይዘር ይገዛሉ፤ ስታብላይዘር ግን ከፍና ዝቅ ያለውን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን አይተካም። ለማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ የሌለው ሰው መብራት እንደ ጠፋ መሣሪያውን ከሶኬት ይንቀል፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋም አይሰካ። ፕሮጀክተርን ከምጣድና ከካውያ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካትም ፈጽሞ አይገባም።

የቀረው ቀላል ነው። ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ ኬብል ተገናኝቶ ምስል ካልመጣ፣ የዊንዶውስን ምልክትና ፒ የተባለውን ቁልፍ አብሮ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ድምፁ ግን ለብቻው ይታሰብበት፤ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ምንም አይሰማም።

ቀን በቀን መጋረጃው ተከፍቶ ለሚውል ሳሎን ከፕሮጀክተር ይልቅ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሻላል፤ ፕሮጀክተር የሚገባው ጨለማ ለሚያገኝ ቤትና ብዙ ሰው ለሚሰበሰብበት አዳራሽ ነው። ፕሮጀክተር ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ካነበብህ በኋላ መሣሪያህን አብርተህ ሜኑውን ክፈት፤ የከፍታውን ትእዛዝ ፈልገህ አብራ፤ ማጣሪያውንም አውጥተህ ተመልከት። የጸሎት ቤት፣ የትምህርት ቤትና የአዳራሽ አስተዳዳሪዎችም ይህን ሥራ ለአንድ ሰው በስም ይስጡት፤ የሁሉም የሆነ መሣሪያ ጠያቂ ያጣልና።