የገበሬው ዘርና የሊቃውንቱ ምርምር

በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ስመ ጥር የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ፊት ከቀረበ በኋላ፣ በቅሎዎቹን አስጭኖ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተዘዋወረ ስንዴውንና ገብሱን፣ ጤፉንና ተልባውን፣ ሐምራዊ ፍሬ ያለውን ስንዴ ሳይቀር በየከረጢቱ ሰበሰበ፤ የሰበሰበውንም መርምሮ ኢትዮጵያን የአዝርዕት መገኛ ናቸው ካላቸው ጥቂት የዓለም ክፍሎች መካከል ቈጠራት።

ይህ ሀብት የተገኘው በምድሪቱ ጸጋ ብቻ አይደለም። የደጋው ገበሬ ዝናም ሲያጥር ፈጥኖ የሚደርሰውን፣ ውርጭ ሲወድቅ የሚታገሠውን፣ ለጠላ የሚመረጠውንና ለቆሎ የሚጥመውን እየለየ ሲዘራ፣ ባለቤቱም ምርጡን ዘለላ ለዘር እያስቀረች በጎተራ ስትጠብቅ፣ ከአበው ወደ ውሉድ ሲተላለፍ የመጣ የብዙ ዘመን የድካም ፍሬ ነው። ተመራማሪ ሲባል ነጭ ካባ የለበሰውን ብቻ ማሰባችን በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚፈጸም በደል ይመስለኛል።

የድካማቸውም ፍሬ ባሕር ተሻግሮ ሌላውን ሕዝብ ጠቅሟል። በ1951 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ገብስን እያቀጨጨ የሚያጠፋ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ታውቆ፣ የአገሩ ሊቃውንት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን ገብስ በየተራ ቢፈትኑት፣ በሽታውን የተቋቋመው ከሞላ ጐደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄደ ሆኖ ተገኘ።

ጤፍን ማዳቀል ግን ለረጅም ዘመን የማይቻል ነገር ሆኖ ኖረ። አንድ ግራም ጤፍ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ ይይዛልና፣ አበባውም እንደ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ተሸሽገው፣ የሰው ዓይን ሳያያቸው እርስ በርሳቸው ተዳቅለው ይጨርሳሉ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን በደረሱበት ጊዜ ግን መንገዱ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ተመራማሪው ከመከፈቱ አስቀድሞ በማጉያ መነጽር ሥር ወንዴዎቹን በቀጭን መሣሪያ እየነቀለ፣ የሌላውን ዝርያ የአበባ ብናኝ ያሳርፍበታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣውና በገበሬው ዘንድ የተወደደው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የተገኘው፣ ምርቱ የበዛውን ዱከምንና ንጣቱ የተመሰገነውን ማኛን በዚህ ዓይነት በማዳቀል ነው፤ ሁለቱም ወላጆቹ ከገበሬው ነባር ጤፍ የተመረጡ ናቸው።

ነገር ግን አንዱ ዘር ሲወደድ ሌላው ከማሳ እየወጣ ይጠፋል፤ ስጋቱም እዚህ ላይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ብዙ ገበሬ የተማመነበትን ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ቢጫ ዋግ ፈጀው። ይህን በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ዲገሉ የተባለው ዝርያ በስፋት ተዘራ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ዲገሉን ራሱን በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ መታው። ዋግ በነፋስ የሚበርር ፈንገስ ነውና፣ አንዱን ዝርያ የሚያሸንፍበትን ብልሃት ካገኘ፣ ያ ዝርያ ብቻውን በሞላበት አገር የሚያግደው የለም። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ አዲስ ኃይል የሚሹት ከዚያው ከተናቀው ከነባሩ ዘር ነው።

በ1976 እ.ኤ.አ. በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም፣ ከ60 ሺህ የሚበልጥ የዘር ናሙና አድርቆ፣ በከረጢት አሽጎ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይጠብቃል። ተቋሙን ለብዙ ዓመታት የመሩት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን በማቀዝቀዣው ብቻ አልረኩም፤ ከማሳ የራቀ ዘር ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየታገለ መለወጡን ያቆማልና። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እንኳ ለመብላት በተገደደበት ጊዜ፣ ነባሩን ዘር ፈልጎ ማትረፍና ለባለቤቱ መመለስ የተቋሙ ሥራ ሆነ። ከዚህም ሐሳብ የተነሣ በምሥራቅ ሸዋ፣ በእጀሬና በጨፌ ዶንሳ፣ የገበሬዎች የዘር ባንክ ተቋቁሞ፣ ጠፍቶ የነበረው ነባር ስንዴ ወደ ማሳ ተመለሰ፤ ዘር የተበደረ ገበሬም ምርቱ ሲገባ ጥቂት ጨምሮ ይመልሳል።

አንባቢ ሆይ፣ በገጠር ዘመድ ያለህ እንደ ሆነ፣ በጎተራው ጥግ የቀረ የአያቶች ዘር መኖሩን ጠይቅ፤ ካለም፣ አዲሱን ምርጥ ዘር ሲዘሩ ለነባሩ አንድ ጥማድ መሬት እንዲተዉለት፣ ከዚያም ላይ አንድ እፍኝ ለዘር ባንኩ እንዲሰጡ ለምንልን።