ዶዘሩ በሙገር፣ ጎርፉ በበቾ

አዋሽ የሚነሳው ከጊንጪ ብዙ ሳይርቅ፣ በደንዲ ወረዳ ደጋ ላይ ነው። መነሻው ላይ ያየው ሰው ይህ ምንጭ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል ቢሉት ለማመን ይቸግረዋል። በበጋ ከብት ሳይፈራ ይሻገረዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ግን ወንዙ ሌላ ነው። ከደጋው የተንደረደረው ውሃ በቾ ሜዳ ላይ ሲደርስ መሬቱ ይተኛበታል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ጠግቦ አልቀበልም ይላል፣ ቦዩ ይጠበዋል፣ ውሃውም በግራና በቀኝ ጤፍ ማሳ ላይ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከምዕራብ ሸዋ ኤጀሬ፣ ከጎረቤቶቹም ኢሉና ሰበታ ሐዋስ እንዲሁ ተጥለቅልቀዋል። በዚያው ክረምት በመላ አገሪቱ ጎርፍ የደረሰበት ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ኤጀሬን በሰሜን ምሥራቅ የሚያዋስነው አደአ በርጋ ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ይሠራል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ያለው የዳንጎቴ ፋብሪካ ከጎኑ ተመረቀ። ሲሚንቶ የሚሠራ ሰው ተራራ መናድ አለበት፣ የተናደውንም ማጓጓዝ አለበት። ስለዚህ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ዶዘር፣ ኤክስካቫተር፣ ሎደርና ገልባጭ፣ በመቶ የሚቆጠር የጭነት መኪና፣ ጋራዥ፣ ናፍጣና ሌሊት የሚሠራ ኦፕሬተር አለ። ወደ ሆለታ ሲመጡ የአበባ እርሻዎቹ የውሃ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይዘዋል። ከአምቦ ምዕራብ፣ ሰንቀሌ ላይ፣ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት የዕለት ሥራው የሆነ ፋብሪካ አለ። አምቦ ራሷ ከ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ያደገ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐኪምና የአፈር ባለሙያ አላት።

እንግዲህ የምዕራብ ሸዋ ዞን ከነአካባቢው በዕቃ ድሃ አይደለም። ጎርፍ ሜዳውን ሲውጥ ግን የወረዳው አስተዳዳሪ የትኛውን ስልክ እንደሚደውል፣ ማን እንደሚያነሳ፣ ማሽኑ በማን ትእዛዝ ከግቢ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሁሉም ነገር በትውውቅና በልመና ይሄዳል። አስተዳዳሪው ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር ከተግባባ ማሽን ይመጣል፤ ከተኳረፉ ወይም አንዳቸው ከተቀየሩ አይመጣም።

የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ጎፋ ላይ ታይቷል። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ተራራው ሲናድ ጎረቤት ሁሉ ለማዳን ሮጠ፤ አዳኞቹ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዓለም በሥዕል ያየው በእጁና በአካፋ ጭቃ የሚዝቅ ሕዝብ ነበር። ቦታው ከባድ ማሽን በቀላሉ የሚደርስበት አልነበረም፣ ያ እውነት ነው። ከአደአ በርጋዋ ኢንጭኒ እስከ ኤጀሬ ያለው አገር ግን እንደ ጎፋ አይደለም፤ መንገድ አለው፣ ማሽንም አለው።

ኢትዮጵያ ስለ አደጋ የምታስብበት መንገድ ከረሃብ የተወለደ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ጉዳዩ የወሎ ድርቅ ነበር፤ ሥራውም እህል ማሰባሰብና ማደል ነበር። የኮሚሽኑ ስም ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ አስተሳሰቡን ለማዞር ሞከረ፦ አደጋ ሲደርስ ከመሯሯጥ ስጋቱን አስቀድሞ መቀነስ። ጎርፍ ለውሃው መሥሪያ ቤት፣ ድርቅ ለግብርናው፣ ወረርሽኝ ለጤናው ተከፋፈለ። የግሉ ዘርፍም ድርሻ እንዳለው ተጠቅሷል። መጠቀስ አንድ ነገር ነው፤ የዶዘር ቁልፍ ማግኘት ሌላ።

ኦሮሚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሱን መንገድ ይዟል። ቡሳ ጎኖፋ በገዳ ሥርዓት ውስጥ የነበረ መረዳጃ ነው፤ ከብቱ ያለቀበት ወይም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከወገኑ ተሰብስቦለት እንደገና የሚቆምበት። ክልሉ ይህን በአዋጅ መሥሪያ ቤት አደረገውና አባላት እንደ አቅማቸው በገንዘብና በእህል እንዲያዋጡ መዋቅሩን እስከ ታች ዘረጋው። ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ለተቸገረ ሰው የውጭ ስንዴ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሆኖም መነሻው የቤተሰብና የጎሳ መዋጮ ስለሆነ ፋብሪካን የሚያየው እንደ አንድ ትልቅ አዋጪ ነው። ከአዋጪ የሚጠበቀው ገንዘብ ነው፤ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ለሦስት ቀን የሚሠራ ኤክስካቫተር ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

የግብር ሕጉም ያው ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንድ ድርጅት መንግሥት ላቀረበው የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሰጠውን ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ ሳይበልጥ፣ በወጪ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። መልካም ማበረታቻ ነው። ቁልፉ ቃል ግን «ጥሪ» ነው። ጥሪ የሚኖረው አደጋው ሲመጣ ወይም ሲቃረብ ነው። በሚያዝያ ወር ማሽኑን ልኮ ማንም ሳይጠራው የወንዝ ዳር ክትር የጠገነ ድርጅት በዚህ አንቀጽ ለመጠቀም ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንድ የሒሳብ ሹም ለአለቃው ምን ብሎ እንደሚመክር መገመት አያዳግትም፦ ይቆዩ፣ ጥሪው ሲመጣ በቴሌቪዥን ፊት ቼክ እንሰጣለን።

ቼክ መስጠቱን ደግሞ አገሩ ተክኖበታል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ለ«ገበታ ለሸገር» አንድ ሰሃን ምግብ በ5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ፤ ኩባንያዎችና ባለሀብቶች ወንበር ገዙ። ቀጥሎ የመጣው «ገበታ ለአገር» ዋጋውን 10 ሚሊዮን አደረሰው፤ ከሦስቱ ፕሮጀክቶች አንዱ ከአምቦ በስተደቡብ ያለው የወንጪ ሐይቅ ነበር። ሎጁም መንገዱም ተሠራ። ይህን ማንሳት ሥራውን ለማናናቅ አይደለም። ኩባንያ በግልጽ ሲጠየቅ፣ ለምን እንደሚሰጥ ሲያውቅና ውጤቱ ሲታይ ኪሱን እንደሚፈታ ማስረጃ ነው። የተጠገነ ክትር ግን ፎቶ አይወጣለትም፤ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ምንም ነገር አይከሰትም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ አጽድቋል። የገንዘብ ምንጮቹ ከመንግሥት ካዝና አልፈው ወደ ሠራተኞችና ወደ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ይዘልቃሉ። ከልመና ወደ ቋሚ ቋት መሸጋገሩ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቋቱ ያለው ማእከል ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተፈቅዶ የሚወርድ ብር ኤጀሬ እስኪደርስ ውሃው ቤት ይገባል። ሙገር ያለው ማሽን ግን የግማሽ ቀን መንገድም አይርቅም።

ታዲያ ወረዳውና ፋብሪካው ለምን ዝም ብለው ስምምነት አይፈራረሙም? መልሱ የሚገኘው በምዕራብ ሸዋ የቅርብ ታሪክ ውስጥ ነው። በዚህ ዞን ፋብሪካና ሕዝብ ተማምነው አልኖሩም። የ2008 እና የ2009 ዓ.ም. የኦሮሚያ ተቃውሞ ዋና መናኸሪያዎች ጊንጪና አምቦ ነበሩ፤ ጥያቄው የመሬት ነበር። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የዳንጎቴ መኪናዎችና ማሽኖች ተቃጠሉ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት 8 የፋብሪካው የኢትዮጵያ ሥራ አስኪያጅ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከሙገር ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ኦፕሬተሩን በሌሊት ወደማያውቀው ቀበሌ ላክ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ቢያመነታ አይገርምም። ገበሬውም በበኩሉ ማሳውን የወሰደው ዶዘር ሊያድነኝ መጣ ብሎ ወዲያው አይቀበልም።

ባኮ ላይ የሆነውም ትምህርት አለው። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በባኮ ቲቤ 11,700 ሔክታር መሬት በሊዝ ያዘ። ደሳለኝ ራሕማቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ሰፋፊ የመሬት ዝውውሮች ባሳተሙት ጥናት የባኮን ጉዳይ ጭምር መርምረው፣ እንዲህ ያሉ ውሎች ባለሀብቱን ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስገድዱት ነገር እንደሌለ ተችተዋል። ያው ኩባንያ ጋምቤላ ላይ የባሮ ወንዝ ሞልቶ የበቆሎ ማሳውን ባጠፋበት ጊዜ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ንብረት አጥቷል። ጎርፍ የኢንቨስትመንት ፈቃድ አይጠይቅም። ኩባንያው ወንዙን የሚያውቁትን ሰዎች ከጎኑ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይለይ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ባኮ ሜዳ ላይ ለሚያርስ ማንኛውም ባለሀብት የሚሠራ ነው።

ለሲሚንቶዎቹ ሕግ የተሻለ በር ከፍቷል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለ ፈቃዱ በአካባቢው ሕዝብ የልማት ዕቅድ ውስጥ እንዲሳተፍና ለዚያም ገንዘብ እንዲመድብ ይጠይቃል። ይህ ግዴታ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በትምህርት ቤትና በጤና ኬላ ነው። የጎርፍ ክትር፣ የማሽን ሰዓትና የናፍጣ በርሜል በዚያው ዕቅድ ውስጥ እንዳይገቡ የሚከለክል ምክንያት አይታይም። አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ ሊጀመር የሚችለውም እዚህ ጋ ነው።

ጃፓኖች እንዲህ ወዳለ የቅድሚያ ስምምነት የደረሱት በከባድ ዋጋ ነው። በ1987 ዓ.ም. ጥር ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰው ሲገድል ማዘጋጃ ቤቶች ብቻቸውን ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ታየ። ከዚያ ወዲህ የከተማ አስተዳደሮች ከሱፐርማርኬት፣ ከጭነት ማኅበርና ከሥራ ተቋራጭ ጋር በሰላሙ ጊዜ የሚፈራረሙት ውል ተራ ነገር ሆነ። ሱቁ ውሃና ምግብ ያወጣል፣ ከተማው በኋላ በመደበኛ ዋጋ ይከፍላል። ስጦታ አይደለም፤ ቀድሞ የታዘዘ ግዢ ነው። በአሜሪካም አንድ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንሥቶ የጠመቃ መስመሩን በየጊዜው ገታ አድርጎ ለአደጋ ጊዜ የመጠጥ ውሃ በጣሳ ያሽጋል። ሰንቀሌን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። በጎርፍ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው፣ ነገሩ ምፀት ቢመስልም፣ የሚጠጣ ውሃ ነው።

አስቀድሞ መዋዋል ለኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ዝናብ አክሳ ሪ ከሚባል የመድን ሰጪዎች መድን ሰጪ ጋር ኢንሹራንስ አስገብቶ ነበር፤ ዓረቦኑ 930,000 ዶላር፣ ካሳው እስከ 7.1 ሚሊዮን። ዝናቡ ደኅና ስለነበር አልተከፈለም። ኦሮሚያ ኢንሹራንስም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለቦረና አርብቶ አደሮች የግጦሽን ሁኔታ በሳተላይት እየለካ የሚከፍል የከብት ዋስትና ሸጧል። የዶዘሩ ውል ከእነዚህ እጅግ ይቀላል።

ጉዳዩ ጎርፍ ብቻም አይደለም። አምቦ ላይ ውሃው ከመሬት እየፈላ የሚወጣው ከተማዋ ከየረር እስከ ቱሉ ወለል በሚዘረጋ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር ላይ ስላለች ነው፤ ጠርሙሱን የሞላው ጋዝ ከዚያው ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ የከሰም ስኳር ፋብሪካ ሥራ አቁሞ ሠራተኞቹም በዙሪያው ያሉ ነዋሪዎችም ተነሥተዋል። ምዕራብ ሸዋ እንደ ስምጥ ሸለቆው ንቁ አይደለም። ግን ፋብሪካና ነዋሪ በአንድ አደጋ አብረው የሚነሱበት ጊዜ እንዳለ ከሰም አሳይቷል።

ውሉ ምን ይላል? ዋናው ነገር ዝርዝሩ ነው። የትኛው ማሽን፣ ከነማጓጓዣው ሎቤድ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ጥሪውን ማን ያደርጋል፤ የወረዳው አስተዳዳሪ ነው ወይስ የዞኑ ቡሳ ጎኖፋ? ናፍጣው የማን ነው? ኦፕሬተሩ ቢጎዳ ማን ያሳክማል? የሰዓት ኪራዩ በገበያ ዋጋ ነው ወይስ በወጪ? ከቀበሌው ማን አብሮት ማሽኑ ላይ ይቀመጣል? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ባለፉት ዓመታት ከሆነው አንጻር ኦፕሬተሩን ወደ መንደሩ የሚያስገባው የሽማግሌው አብሮ መምጣት ነው። ሽማግሌው ደግሞ የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ተጠይቆ፣ አዋሽ የቱ ጋ እንደሚሰብር እሱ ካሳየ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር የጊዜ ሰሌዳው ነው። ክረምት ላይ ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ የሲሚንቶ ገበያም ይቀዘቅዛል፤ መኪናና ማሽን ለነፍስ አድን ሥራ የሚገኘው ያኔ ነው። ክትር የሚጠገነውና ቦይ የሚጠረገው ግን በበጋ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነው፤ ያኔ ፋብሪካው አንድ ዶዘር እንኳ የሚተርፈው አይደለም። ለዚህ ኪራዩ ከወዲሁ መታሰብ አለበት። የመንግሥት በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። አዲሱ ዓመት ገንዘብ ለወረዳው ሲለቀቅ አዋሽ ሞልቷል፤ ውሃው ሲጎድልና መሬቱ ሲጠነክር የዓመቱ ዕቅድ ያለ ክትር ጸድቋል። ለሚቀጥለው ክረምት የሚሆን የማሽን ሰዓት በዞኑ በጀት ውስጥ ቦታ የሚያገኘው፣ የኤጀሬና የደንዲ ወረዳዎች ጥያቄውን ከቀደመው ዓመት የካቲትና መጋቢት ጀምረው፣ ከፋብሪካዎቹ ዋጋ ጋር አያይዘው ካስገቡት ነው።