መጠጥ ከተዉ በኋላ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት ፈተና በሰውነትና በመንፈስ ላይ

ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የአሜሪካ ከተማ ሁሉ የሚታወቅ ሰው ነው። ዕድሜው ከአርባ አልፏል። በመኪና ማቆሚያ ሁለት ፈረቃ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ከአገሩ ልጆች ጋር ተቀምጦ ይጠጣል። መጀመሪያ ላይ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሥራ ቀን ምሽቶች ተጨመሩ። ውሎ አድሮም ጠዋት ጠዋት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መንቀጥቀጡን የሚያቆምለትም አንድ መለኪያ ውስኪ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት ረሳ። ልጅቷ ከዘበኛው ጋር እስኪመሽ ቆየች። በዚያ ሌሊት ቤት የነበረውን ጠርሙስ ሁሉ መታጠቢያው ውስጥ ደፋና «ከእንግዲህ ዕርም!» አለ።

ዘመድ ወዳጅ ተደሰተ። ሚስቱም ስለቷ የሠመረ መሰላት። ነገር ግን ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ገና መንገድ መጀመሩ ነው። ይህ ሰው «ተው!» የሚለው አላጣም፤ ከተወ በኋላ በሰውነቱና በመንፈሱ ላይ ምን እንደሚደርስ የሚነግረው ግን አላገኘም። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ መጠጥ የሚመለሱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የመዳንን ሕመም እንደ አዲስ በሽታ ቆጥረው «ብተወው ባሰብኝ» ይላሉ። የሚመጣውንና የሚያልፍበትን ጊዜ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ለመታገሥ አቅም ያገኛል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ አንጎል ይህንን ለመቋቋም የማነቃቂያ ኃይሉን ከፍ አድርጎ መሥራት ይለምዳል። ለሾፌሮች በሚገባ ምሳሌ ለመናገር፣ ፍሬን ተይዞ የሚነዳ መኪና ወደፊት እንዲሄድ ነዳጁ አብዝቶ መረገጥ አለበት። ፍሬኑ በድንገት ቢለቀቅ መኪናው ይፈተለካል። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥም የሚሆነው ከዚህ አይለይም።

ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ባለው ሰዓት ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ፍርሃት ፍርሃት ይላል። በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል። ለረጅም ዓመታት በብዛት ከጠጡት አንዳንዶቹ ግን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይደርስባቸዋል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ትኩሳት ይነሳበታል። ሐኪሞች ይህንን ዲሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። በጊዜው ካልታከመ ይገድላል።

እዚህ ላይ በወገኖቻችን ዘንድ የሚታይ አንድ አደገኛ ልማድ አለ። «ከቆረጠ ቆረጠ ነው» በሚል ሰውየውን አንድ ክፍል ውስጥ አስተኝተው፣ አጥሚትና ሾርባ እያቀረቡ፣ «ይወጣለታል» ብለው የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ሲቃዥ ሲያዩት ልክፍት ነው የሚሉም አሉ። ጸሎቱም ጸበሉም ለሚያምንበት ሰው ብርታት ነው። የሚንፈራገጥ ወይም አእምሮውን የሳተ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው 911 ተደውሎለት ሆስፒታል መድረስ ነው። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ ከማቋረጡ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። ሐኪሙ የተፈተለከውን አንጎል ቀስ በቀስ የሚያረጋጋ መድኃኒት ያዝለታል። ቫይታሚን ቢ-1ም ይሰጠዋል፤ መጠጥ የሚያበዛ ሰው ይህ ቫይታሚን ያንሰዋል፣ እጥረቱ ካልተሞላም የማስታወስ ችሎታውን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል።

ሐኪሙ «በቀን ስንት ትጠጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስም ሕይወት ነክ ነው። የሚያስተረጉመው የሚስት ወንድም ወይም የገዛ ልጅ ሲሆን ብዙው ሰው አፍሮ «ሁለት ቢራ» ይላል። ሐኪሙም በሁለት ቢራ ልክ ያክመዋል። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ሕመምተኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የአባቷን የመጠጥ ልክ እንድትተረጉም ማድረግ በእሷም በእሱም ላይ በደል ነው።

ከአንድ ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት

የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ ዋናው አስቸጋሪ ነገር እንቅልፍ ነው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ የእንቅልፉን ዓይነት ያበላሻል፤ በተለይም ሕልም የሚታይበትን ክፍል ያፍነዋል። መጠጡ ሲቀር የታፈነው ሕልም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሰውየው በሕልሙ ሲጠጣ ያድርና «ጠጣሁ!» ብሎ በድንጋጤ ይነቃል። አፉን ያሸታል፤ ምንም የለም። ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ቆራጥነቱ መላላቱን አያመለክትም። እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ጣፋጭ የማያውቅ የነበረው ሰው በድንገት ሻዩ ውስጥ ስኳር የሚያበዛ፣ ከረሜላ ኪሱ ውስጥ የሚይዝ ይሆናል። ይህም የተለመደ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ማሳወቅ አለበት። ሐሳብ መሰብሰብም ያስቸግራል፤ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ይጠፋዋል፣ ያነበበው አይገባውም። ይህም በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየጠራ ይሄዳል።

በሌላ በኩል ሰውነት ሳይታይ ብዙ ሥራ ይሠራል። በመጠጥ ምክንያት ከፍ ብሎ የነበረ የደም ግፊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዝቅ ማለት ይጀምራል። የፊት እብጠት ይቀንሳል፣ ዓይን ይጠራል፣ ጨጓራ ይረጋጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ጉበት ላይ የተከማቸ ስብም መጠጡ ሙሉ በሙሉ ከቀረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ጉበቱ ጠባሳ አውጥቶ እስከ መጠንከር ከደረሰ ግን ጠባሳው በአብዛኛው አይለቅም፤ ቢሆንም መጠጥ ማቆሙ ቀሪውን ያድናል፣ ዕድሜም ይጨምራል። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለሆነ፣ በመጠጥ ዘመን የተሠራው ደም በአዲስ ደም ተተክቶ እስኪያልቅ አራት ወር ገደማ ይወስዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የተኛው ሐዘን ሲነቃ

ከሰውነት ይልቅ የሚከብደው የስሜቱ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ከመጠን ያለፈ ደስታ ይሰማዋል። «ዳንኩ፣ አልቋል» ይላል። ራሱን ለመፈተንም ወደ ድሮው መጠጥ ቤት ይሄዳል፤ «አንድ ብቻ» ያለው አምስት ይሆናል። ሰውነቱ የድሮውን ያህል መቋቋም ስላቆመም በትንሹ ክፉኛ ይሰክራል።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነገር ሁሉ ይጨልምበታል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ኳስ ማየትም ጨዋታም አይጥመውም። ምሽቱ አላልቅ ይለዋል፤ ቀድሞ በመጠጥ የሚያልፉት አምስትና ስድስት ሰዓታት አሁን ባዶ ተቀምጠው ይጠብቁታል። በስደት ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላም አለ። እስር ቤት ያየውን፣ በሱዳን በረሃ መንገድ ላይ የቀረውን ጓደኛ፣ በስልክ የተረዳውንና አፈር ያላለበሳትን እናቱን ለዓመታት በመጠጥ አስተኝቶት ኖሯል። መጠጡ ሲቀር ያ ሁሉ ይነቃል።

መጠጥ ራሱ ያመጣው ድብርት በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ባሉት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በ988 ቁጥር በማንኛውም ሰዓት መደወልና አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ቤተሰብም በዚህ ጊዜ የራሱ ፈተና አለበት። ሰውየው አርባ ቀን ስለታገሠ ምስጋና ይጠብቃል፤ ሚስቱ ግን አሁንም ሲገባ ትንፋሹን ታሸታለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። በዓመታት የጠፋ መተማመን በአርባ ቀን አይመለስም፤ በየዕለቱ በሰዓቱ ቤት በመግባት እንጂ በመሐላ አይገነባም።

«በሞቴ!»

የእኛ ማዕድ በመጋበዝ ፍቅር የሚገለጽበት ነው። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ይባላል። እምቢ ያለ እንደ ናቀ ይቆጠራል። ከመጠጥ ጋር ለሚታገል ሰው ግን ይህች አንዲት ብርጭቆ የሦስት ወር ድካሙን ልታፈርስ ትችላለች። «አልጠጣም» ላለ ሰው «ምነው፣ ታመህ ነው?» የሚል ጥያቄ በሰው ፊት ማቅረብም ያው ግፊት ነው። ጋባዥ ከመጠጡ ጎን ውሃ፣ ለስላሳና ሻይ ቢያስቀምጥ፣ እንግዳው ያነሳውንም ያለ ጥያቄ ቢተውለት ይበቃል።

ሌላው የሚያታልለው የጾሙ ነገር ነው። ዐቢይ ጾምን ሙሉውን 55 ቀን ሳይጠጡ አሳልፈው «እንግዲህ ሱስ የለብኝም» የሚሉና በፋሲካ ዕለት ካቆሙበት የሚቀጥሉ አሉ። 55 ቀን መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ ማብቂያ ቀኑን እየቆጠሩ መታገሥና ጨርሶ መተው ግን የተለያዩ ናቸው። መጠጡን ትተው ጫት የሚጀምሩም አሉ፤ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ሲሉ ዞረው ወደ መጠጡ ይገባሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይታዩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ልጆቿን አስተኝታ ብቻዋን የምትጠጣ እናት ከማንም በላይ ትደብቃለች፤ መጠጥ በሃይማኖቱ ክልክል የሆነበት ሙስሊም ወገንም እንደዚሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ሐሜት በበዛበት ቦታ ሁሉ እርዳታ ፈላጊው ይቀንሳል።

እርዳታ የት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች የነበሩ፣ እርስ በርስ በመነጋገር ከመጠጥ መራቅ እንደሚቻል ተረዱ። ከዚያ ግንኙነት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በተለምዶ ኤ.ኤ. የሚባለው ማኅበር ተወለደ። ስብሰባው ነፃ ነው፤ የሚነገረው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። አባላቱ ስለ ዕድሜ ልክ አይምሉም፤ ለዛሬ ብቻ አልጠጣም ይላሉ። በብዙ ቦታ በ24 ሰዓት፣ በ30፣ በ60 እና በ90 ቀን ለመታሰቢያ ትንሽ ሜዳልያ ይሰጣል።

የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ናልትሬክሶንን እ.ኤ.አ. በ1994፣ አካምፕሮሴትን በ2004 ለዚሁ ጉዳይ ፈቅዷል። ሁለቱም ሱስ አያስይዙም፤ የቤተሰብ ሐኪም ሊያዛቸው ይችላል። የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌደራል ሕግ ልዩ ጥበቃ ስላለው፣ «አሠሪዬ ይሰማል» የሚለው ፍርሃት ከሕክምና ሊያስቀር አይገባም።

ያም የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ እንቅልፉ ገና አልተስተካከለም፤ ሚስቱም ማሽተቷን አልተወችም። ነገር ግን እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ልጁንም በየቀኑ በሰዓቱ ከትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የዘመድ ሠርግ አለበት። እዚያ የሚቀመጠው ከእኛ ከአንዳችን አጠገብ ነውና፣ ውሃውን ሲያነሳ ዝም እንበለው።