በጤና ጣቢያዎ አዲስ ባለሙያ ሲመደብ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ይጠብቁ?

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው ሐሙሲት ባሉ ከተሞች፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዲስ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን ሲመጣ ታካሚዎች «ገና ልጅ ነው፤ ይችላል?» ብለው መስጋታቸው የተለመደ ነው። ባለሙያው ሙያውን ተምሯል፤ ገና ያልለመደው ቤቱንና አካባቢውን ነው። ኦረንቴሽን የሚባለው የሥራ ማስተዋወቂያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ባለሙያው ምን ይተዋወቃል?

* የቤቱን አሠራር፦ የድንገተኛ መድኃኒትና ኦክስጅን የት እንደሚቀመጥ፣ በሌሊት ማን እንደሚጠራ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሕመምተኛ እንዴት ሪፈር እንደሚባል።
* ኢንፌክሽን መከላከልን፦ ታካሚ ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን ማጽዳት፣ ያገለገለ መርፌን ክዳን ሳይመልሱ ወደ ሴፍቲ ቦክስ መጣል። ባለሙያው ያገለገለ መርፌ ከወጋው ወዲያው ታጥቦ ያሳውቃል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል።
* የታካሚን ምስጢር መጠበቅን፦ በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።
* የአካባቢውን በሽታ፦ በፎገራ ሜዳ የጉማራና የርብ ወንዞች ሲሞሉ ውሃ ይተኛል፤ የሩዝ ማሳውም ውሃ ይይዛል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ከደጋ የመጣ ባለሙያ ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ ወባን መጠርጠርና ደም ማስመርመር መልመድ አለበት። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ዓይነቶች ሕክምናቸው ስለሚለያይ የምርመራው ውጤት ወሳኝ ነው።

እርስዎና ቤተሰብዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

* የባለሙያውን ስምና ሙያ ይጠይቁ።
* ስምዎን ከነአባትና ከነአያት ይናገሩ። ሞክሼ ብዙ ስለሆነ ካርድ ሊቀያየር ይችላል።
* የማይስማማዎት መድኃኒት ካለ፣ ለምሳሌ ፔኒሲሊን ከሆነ፣ መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ይናገሩ። ነባሩ ባለሙያ ያውቀው ይሆናል፤ አዲሱ ግን ላያውቅ ይችላል።
* እርጉዝ ከሆኑ ሆድዎ ባይታይም ይናገሩ። ለወባ ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።
* የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ።
* ከተጠራጠሩ «ነባር ባለሙያም ይየኝ» ማለት መብትዎ ነው። አዲስ ባለሙያም ነባሩን ቢጠይቅ ጥንቃቄ እንጂ አለማወቅ አይደለም።

ተራ የማይጠበቅበት ጊዜ

ትኩሳት ያለበት ሕፃን ከተንዘፈዘፈ፣ ራሱን ከሳተ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ወዲያውኑ ቅርብ ላለው ባለሙያ ይንገሩ። ነፍሰ ጡር ከደማች ወይም ከተንዘፈዘፈችም እንደዚሁ ነው። አዲስም ይሁን ነባር፣ ማንኛውም ባለሙያ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ማስቀደም አለበት።