የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ

ኦቶና ሆስፒታል የወለደች እናት ለሕፃኑ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣታል። ወላጆች ያንን ይዘው በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ቀርበው ያስመዘግባሉ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ትርፍ ጣጣ እናየዋለን። ስለ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ሲነሳም የምናወራው ስለ ቃጠሎውና ግድያው ነው፤ መከራው አስቀድሞ በወረቀት እንደተጀመረ ግን እምብዛም አናነሳም።

ማይናማር (በርማ) እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው የዜግነት ሕግ ሮሂንጋዎች እውቅና ካገኙት ብሔረሰቦች ውጭ ሆኑ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በተቀበሩበት አራካን መጤ ተባሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 የሀገሪቱ ጦር ሲዘምትባቸው ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ባንግላዴሽ ተሻገሩ። ቀደም ብለው ከገቡት ጋር በኮክስ ባዛር መጠለያዎች አንድ ሚሊዮን ገደማ ሆነዋል። እዚያ የሚወለድ ልጅ የባንግላዴሽ ዜግነት አያገኝም፤ በሀገሪቱ መደበኛ ትምህርት ቤትም አይገባም። የሚማረው በቀርከሃና በሸራ በተሠሩ ማዕከላት ወይም በመድረሳ ነው። የማይናማርን ሥርዓተ ትምህርት በመጠለያው ማስተማር የተጀመረው እንኳ በ2021 መጨረሻ ነው። በ2023 ደግሞ ለአንድ ሰው በወር ይሰጥ የነበረው 12 ዶላር የምግብ ድጋፍ ወደ 8 ወረደ። አባት ሥራ እንዳይሠራ ተከልክሎ ራሽኑ ሲቀንስ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው ይዳራሉ፤ ወጣቶች በጀልባ ወደ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ ይሄዳሉ፤ ባሕር የሚያስቀራቸውም ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። በሰኔ 2010 በሐዋሳ ግጭት ቤታቸውን ጥለው የወጡት ወላይታዎች ተፈናቃዮች ነበሩ፤ ንብረት አጡ እንጂ ዜግነታቸውን የነካው የለም። ድንበር የተሻገረ ስደተኛ ይባላል፤ ሰላም ሲሆን የሚመለስበት ሀገር አለው። ሮሂንጋው ግን ስደተኛም ሀገር አልባም ነው።

ስደተኛን ለማየት ባንግላዴሽ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በረመዷን የመጨረሻ ቀናት ሲፈነዳ ብዙ ቤተሰቦች በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ገቡ። በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩት ግን ከጦርነት ሸሽተው ሌላ ግጭት መሐል ወደቁ። ዘረፋና እገታ ሲበዛባቸው በ2016 ሚያዝያ አንድ ሺህ ያህሉ አውላላን ለቀው በእግር ወጡ፤ በፖሊስ ተከልክለው ከነልጆቻቸው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ቀሩ። ኋላ አፍጥጥ የተባለ አዲስ ሰፈር ተከፈተ።

በሕግ ረገድ ኢትዮጵያ ከብዙ ሀገራት የተሻለች ናት ብዬ አምናለሁ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የስደተኛ ልጅ ልደት በመንግሥት ይመዘገባል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ልጆቹ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲስተናገዱ ይፈቅዳል። ችግሩ ሕጉ መሬት ሲወርድ ነው። አስተማሪ ሳለሁ በዓመቱ አጋማሽ ያለ መሸኛ የመጣ ተማሪ የት ክፍል እንደምናስገባው ግራ ይገባን ነበር፤ እሱ እንኳ ከጎረቤት ወረዳ የመጣ ነው። በዐረብኛ ሲማር ቆይቶ ካርዱ ካርቱም የተቃጠለበት የ7ኛ ክፍል ልጅማ ከታች ጀምር ሊባል ይችላል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከሕፃናት ጋር ከሚቀመጥ ሊስትሮነትን ይመርጣል።

በሱረቱ ተውባህ ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ባለመብቶች አንዱ ኢብኑ ሰቢል ነው። ሰውዬው ሀገሩ ላይ ሀብታም ቢሆን እንኳ ከንብረቱ የተቆረጠ መንገደኛ ስለሆነ ድርሻ አለው። ካርቱም ሱቅ የነበረው፣ ዛሬ ኪራይ ያቃተው ሱዳናዊ ከዚህ ይገባል። ይሁን እንጂ ልመና የማያውቅ ሰው እጁን አይዘረጋምና ፈልጎ ማግኘት የመስጂድ ጀመዓ ሥራ ነው። ሲገኝም ከገንዘቡ ጋር አንድ ነገር ይጠየቅ፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ካለው ተመዝግቧል ወይ? ካልተመዘገበ አብሮት ወደ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የሚሄድ፣ አማርኛውን የሚያስተረጉምለት አንድ ወንድም ወይም እህት ያስፈልጋል።